የሚለቀቀው ዓሣ ነገር፤ ለከሚሴ ሰው ጆሮ

ይህን በአደባባይ የሚናገር አታገኙም። እንግዳ ይዘን ወንዝ የምንወርድ ሰዎች እንኳ ማታ እርስ በርሳችን ስንሆን እንጂ በእንግዳው ፊት አናነሣውም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ «ያዝኩት፣ ፎቶ ተነሣሁ፣ በሰላም ለቀቅኩት» ከተባለላቸው ዓሦች ውስጥ ጥቂት የማይባሉት በሰላም አልሄዱም። ዓሣው ከእጅ ወጥቶ፣ ጭራውን መትቶ ጥልቁ ውስጥ ስለገባ ብቻ ተርፏል ማለት አይደለም። አንዳንዱ የሚሞተው ከሰዓታት በኋላ፣ ያጠመደው ሰው ራቱን በልቶ ጨዋታ ላይ ሳለ ነው።

ለከሚሴ ሰው የምነግረው በምክንያት ነው። እኔ የከሚሴ ልጅ ነኝ፤ እንጀራዬን ያገኘሁት ግን ባሌ፣ ዲንሾ አካባቢ፣ ከላባና ከክር በተሠራ ዝንብ ትራውት ከሚያጠምዱ ሰዎች ጋር በመዋል ነው። ኦሮምኛችን ከባሌው ጥቂት ቢለይም ከአካባቢው ባለፈረሶች ጋር ቶሎ አግባብቶኛል። ወደ አገር ቤት ስመለስ ታዲያ ወጣቶቹ አንድ ጥያቄ ይዘው ይጠብቁኛል። ለመስኖ ውኃ ይገደባል ወይም ኩሬ ይቆፈራል የሚል ወሬ በተነሣ ቁጥር፣ «እዚያ ውስጥ ትራውት ቢለቀቅ ፈረንጅ አይመጣም? አጥምዶ መልሶ የሚለቅ ከሆነ ዓሣው አያልቅም፣ ገቢውም አይቋረጥም» ይሉኛል። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመጣ ነው። ሥራ ፈላጊ ወጣት ያለውን ውኃ አይቶ ቢያስብ ያስመሰግነዋል እንጂ አያስወቅሰውም። ስለዚህ ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለውን እንዳለ ልንገራችሁ።

ትራውት የእኛ አገር ዓሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1905 ቡናማ የሚባለው ዓይነት እንቁላሉ ከስኮትላንድ ወደ ኬንያ ደጋ ወንዞች ተወሰደ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ትራውት ከኬንያ ወደ ባሌ ተሻገረና ወይብ፣ ዳንካና ሻያን በመሳሰሉ ወንዞች ተለቀቀ። ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ጎኑ ላይ ሐምራዊ መስመር ያለው ቀስተ ደመናው፣ ሌላው ቀያይ ነጠብጣብ ያለው ቡናማው ትራውት። ባሌ የተመቸው በአጋጣሚ አይደለም። ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው፤ በበጋ ንጋት ላይ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ያድራል፤ ውኃው ይፈጥናል፤ ከሥሩ ያለው ጠጠርም ንጹሕ ነው። ትራውት የሚራባው በሚፈስ ውኃ፣ በጠጠር መካከል እንቁላሉን ቀብሮ ነው። ጠጠሩን ደለል ከሸፈነው እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል።

የአንድ ቀን ውሎ የሚጀምረው ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ፈቃድ በማውጣት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ እንግዳው ብዙም አያየውም። እኔ መጀመሪያ የማወጣው ዘንጉን ሳይሆን ፒንሳውን ነው። እያንዳንዱ መንጠቆ ከጫፉ ወደ ኋላ የተመለሰች ትንሽ እሾህ አለችው፤ እሷን በፒንሳ ጨፍልቄ አስተኛታለሁ። ያቺ እሾህ ካለች መንጠቆው ሲወጣ የዓሣውን ከንፈር ቀዶ፣ አንዳንዴም ዓይኑ ሥር ያለውን ሥጋ ይዞ ይወጣል። ከተኛች ግን በሁለት ጣት ወደ ኋላ ገፋ ሲያደርጉት ይለቃል። አንዳንዱ አጥማጅ «ዓሣው ያመልጠኛል» ብሎ ይከራከራል። ክሩን ወጥሮ የያዘ ሰው ዓሣ አያመልጠውም፤ ክሩን ያላላ ሰው ደግሞ እሾህ ቢኖረውም ያመልጠዋል።

ቀጥሎ ቴርሞሜትሩ ነው። ክር አስሬ ውኃው ውስጥ እጥለዋለሁ፤ ጥላ ካለበት እንጂ ፀሐይ ከመታው ዳር አልለካም። ትራውት የሚመቸው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውኃ ነው። 20 ሲያልፍ አጥምዶ መልቀቅ የሚባለው ነገር ስም ብቻ ይሆናል፤ 25 ከደረሰ ባይነኩትም ይሞታል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ውኃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በባሕር ወለል ከፍታ ቢለካ በ10 ዲግሪ አንድ ሊትር ውኃ ከ11 ሚሊግራም በላይ ይይዛል፤ በ25 ዲግሪ 8 ገደማ ብቻ። ከፍታ ሲጨመር ደግሞ ሁለቱም ይወርዳሉ። ዓሣው በትግል የደከመ ሰውነቱን የሚመልስበት ትንፋሽ የሚያጣው በሞቀ ውኃ ነው። ስለዚህ በባሌም ቢሆን ፀሐይ ጠንክራ የወንዙን ጠርዝ ስታሞቅ «ይበቃል፣ ምሳ እንብላ» የሚል አስጎብኚ ካጋጠማችሁ፣ ሰነፍ ነው አትበሉት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

አሁን ወደ እጅ እንምጣ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። የዓሣው ሰውነት በልጋግ የተሸፈነ ነው። ያ ልጋግ ከሻጋታና ከበሽታ የሚጠብቀው ልብሱ ነው። በደረቅ እጅ የያዘው ሰው የመዳፉን ቅርጽ ገፎ ይወስድበታል፤ ከቀናት በኋላ በዚያው ቦታ ነጭ ሻጋታ ይበቅላል። ስለዚህ እጅ አስቀድሞ ይነከራል፤ ጓንት ይወልቃል፤ መረቡም ቋጠሮ የሌለው የጎማ መረብ ቢሆን ይመረጣል። ዓሣው መረቡ ውስጥ እንዳለ፣ መረቡም ውኃው ውስጥ እንዳለ፣ መንጠቆው ይነቀላል። በጣት ስንጥቡን፣ ማለትም ከጭንቅላቱ ጎን ከክዳኑ ሥር ያለውን ቀይ መተንፈሻውን፣ የነካ ሰው ያን ዓሣ ለምሳ ቢወስደው ይሻላል።

ካሜራው ሲወጣ ነው ሰው የሚሳሳተው። ፈርጉሰንና ተፍትስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተሙትን ጥናት ይህን ሥራ የሚሠራ ሁሉ በቃሉ ቢያውቀው እመኛለሁ። ቀስተ ደመና ትራውቶችን እስኪዝሉ ድረስ አሯሯጧቸውና ከፊሎቹን ወዲያው ውኃው ውስጥ ተዉአቸው። ከ12 ሰዓታት በኋላ ከ100ው 88 ያህሉ በሕይወት ነበሩ። ከሩጫው በኋላ ለ30 ሰከንድ አየር ላይ ከዋሉት የተረፉት ከ100 62 ናቸው። 60 ሰከንድ ከቆዩት ደግሞ 28 ብቻ። አንድ ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነች አስቡት፤ ስልኩ ከኪስ እስኪወጣ፣ ባርኔጣው እስኪስተካከል፣ «አንዴ ድገምልኝ» እስኪባል ያለቀች ናት። ፎቶው ላይ አፉን ከፍቶ የሚታየው ዓሣ ውኃ እየፈለገ ነው።

እኔ ለእንግዳ የምነግረው ዘዴ አንድ ነው። ዓሣውን ከውኃው ከማንሣትህ በፊት አንተም ትንፋሽህን ያዝ። መተንፈስ ሲያምርህ እሱንም ወደ ውኃው መልሰው። ይህን ያደረገ ሰው ሁለተኛ ፎቶ አይጠይቅም። ከዚያ የጭራውን ሥር በአንድ እጅ፣ ሆዱን በሌላው ደግፎ ፊቱን ወደ ፈሳሹ ያዞረዋል። ወደፊትና ወደኋላ መግፋት አያስፈልግም፤ የሚፈሰው ውኃ በራሱ በአፉ ገብቶ በስንጥቡ ይወጣል። የስንጥቡ ክዳን መጀመሪያ እየዘለለ ነው የሚመታው። ቀስ እያለ አመታቱ እኩል ይሆንና ጭራው በመዳፍህ ውስጥ ይጠነክራል። ሲሄድ ራሱ ይሄዳል እንጂ አይጣልም።

ሌላው ምስጢር ክሩ ነው። ቀጭን ክር የሚመርጡ አሉ፤ ዓሣው እንዳያየው ነው ይላሉ፤ እውነትም አለው። ነገር ግን ቀጭን ክር ማለት ረጅም ትግል ማለት ነው። ዓሣው በጡንቻው ውስጥ አሲድ እስኪሞላ ድረስ ይታገላል፤ በመጨረሻ ጎኑን ሰጥቶ ሲመጣ አጥማጁ ደስ ይለዋል። እኔ በበኩሌ ወፈር ያለ ክር አስሬ ትግሉ ቶሎ እንዲያልቅ አደርጋለሁ። የሚያጠምደው ሰው ክብር ሊቀንስበት ይችላል፤ ዓሣው ግን በሕይወት ይሄዳል። በትል ከማጥመድ በላባ ዝንብ ማጥመድ የሚመረጥበትም ምክንያት ይኸው ነው። ትሉን ዓሣው ይውጠዋል፤ መንጠቆውም ጉሮሮው ድረስ ይወርዳል። ዝንቡን ግን ከከንፈሩ ዳር ይይዘዋል፤ ምግብ አለመሆኑን ሲያውቅ ሊተፋው ይሞክራል። ቴይለርና ዋይት የተባሉ ሰዎች ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው በዚያው በ1992 ሲያወዳድሩ፣ በትልና በመሰል ምግብ ተይዘው ከተለቀቁ ትራውቶች ከ100 31 ገደማ ሲሞቱ በላባ ዝንብ ከተያዙት የሞቱት 4 ገደማ ናቸው።

ይህ ሁሉ ስለሚፈስ ወንዝ ነው። ወጣቶቹ የሚጠይቁኝ ግን ስለ ግድብ ውኃ ነው፤ የግድብ ውኃ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው።

በግድብ ላይ ትራውትን በዝንብ የማጥመድ ልማድ የሚታወቀው በእንግሊዝ አገር ነው። ብላግደን የተባለው የመጠጥ ውኃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1904 ለአጥማጆች ተከፈተ፤ ቹ ቫሊ በ1950ዎቹ፣ ግራፋም በ1966 ተከተሉ። ውብ ሥፍራዎች ናቸው፤ ሰው በጀልባ ቀኑን ሙሉ ይውልባቸዋል። የማይነገረው ነገር ዓሣው ከየት እንደሚመጣ ነው። ቀስተ ደመና ትራውት በቆመ ውኃ አይራባም፤ ስለዚህ እርሻ ውስጥ አድጎ በመኪና ተጭኖ ይመጣና ይለቀቃል። ሲያልቅ እንደገና ይጫናል። «የማያልቅ ዓሣ» የምትሉኝ ይህ ነው፤ የሚያልቅ ብቻ ሳይሆን በየጊዜው በገንዘብ የሚተካ ዓሣ ነው። በዚህም የተነሣ ብዙዎቹ የእንግሊዝ ግድቦች ለረጅም ዘመን «የያዝከውን ግደል፤ ቁጥርህ ሲሞላ ወደ ቤትህ ሂድ» የሚል ደንብ ነበራቸው። አጥምዶ የመልቀቅ ቲኬት እየተስፋፋ የመጣው በኋላ ነው።

የግድብ ውኃ ሌላም ይደብቃል። ወንዝ ላይ በደንብ ያልተለቀቀ ዓሣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሆዱን ገልብጦ ድንጋይ ሥር ይገኛል፤ አስጎብኚው ያየዋል፤ ያፍራል፤ የቀኑን ማጥመድ ያቆማል። ግድብ ላይ ግን የደከመው ዓሣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይሰጥማል። ከጀልባው ላይ ያለ ሰው የሚያየው ጥልቅ ውኃ ውስጥ የገባ ዓሣ ነው። «ሄደ» ይላል። ወዴት እንደሄደ የሚያይ የለም። ወራጅ ውኃም ስለሌለ ስንጥቡን የሚያጥብለት ነገር የለም፤ ቀጥ አድርጎ ይዞ መታገሥ ብቻ ነው ያለው፤ የሚታገሥ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ይህን ይዘን ወደ ከሚሴ እንምጣ። ከተማችን ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከዲንሾ ግማሽ አትደርስም። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለውን ሙቀት ታውቁታላችሁ። በዚያ ሙቀት የቆመ ውኃ ላይኛው ክፍሉ ትራውትን የሚገድለውን መጠን ያልፋል። «ታችኛው ቀዝቃዛ ነው» የሚል ይኖራል። ቀዝቀዝ ሊል ይችላል፤ ነገር ግን ንፋስ በማያማታው በታችኛው ውኃ የሚበሰብሰው ሁሉ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ከላይ ሙቀት፣ ከታች መታፈን። ደለሉም አለ። ቦርከና ወንዝ ላይ ቀደም ሲል የተሠራው ግድብ በደለል ተሞልቶ ከጥቅም ውጭ መሆኑን የወሎ ሰው አይረሳም። ከተራቆተ ተዳፋት የሚወርደው አፈር ግድብ እንኳ የሚያሸንፍ ከሆነ ለትራውት እንቁላል ጠጠር አይተርፍም። በዚህ ላይ ትራውት ሥጋ በል ነው፤ በጅረቱ ያለውን ነፍሳት፣ ትንንሽ ዓሣ፣ የእንቁራሪት ግልገል ሳይቀር ያነሣል።

ደጋ ላይ ቢሆንስ የምትሉኝ አላችሁ። ቅዝቃዜው ቢገኝም ሌላ አደጋ አለ፤ ሐይቅን አስታውሱ። ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ከደሴ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ገዳሙን ያጸኑበት የእስጢፋኖስ ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ባክስተርና ጎሎቢች የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ ሐይቁ ባሳተሙት ጽሑፍ ውኃው እጅግ የጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ቲላፒያ ተለቀቀበት። ከዚያ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ያገኙት የጥንቱን ጥራት አይደለም፤ ውኃውን ያጣሩ የነበሩት ትንንሽ ተንሳፋፊ እንስሳት ተለውጠው፣ አረንጓዴው አልጌ በዝቶ ነው። ቲላፒያው ብዙ ሰው መግቧል፤ ሐይቅ ከተማ መንገድ ዳር የሚጠበሰውን ዓሣ ያልቀመሰ የደሴ መንገደኛ ጥቂት ነው። እኔም በልቼ አመስግኛለሁ። ነገር ግን አንዴ የገባ ዓሣ አይወጣም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለዚህ ነው የዓሣ ዘርን ከውኃ ወደ ውኃ የማዛወርን ነገር በፈቃድ ያሠረው። በጀሪካን ጫጩት ይዞ ወደ ግድብ መሄድ ልማት አይደለም።

አንድ ቀን ቦርከና ዳር ከብት የሚጠብቁ አባት ዘንጌን አይተው ጠሩኝ። «ልጄ፣ ይዘህ ትበላዋለህ?» አሉኝ።

«የለም አባቴ፣ እለቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለማትበላው ነገር አፉን ለምን ትወጋዋለህ? አላህ ሕያው አድርጎ የፈጠረው አይደለም እንዴ?»

መልስ ነበረኝ፤ ግን ከባድ ጥያቄ ነው። ይህን የጠየቁት እኚህ አባት ብቻ አይደሉም። ስዊዘርላንድ ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ ለመልቀቅ ብቻ ብሎ ዓሣ ማጥመድን በእንስሳት ጥበቃ ሕጓ ከልክላለች። እኔ ለእኚያ አባት የመለስኩት ይህን ነው፦ አጥምዶ መልቀቅ ትርጉም የሚኖረው ዓሣው ጥቂት ሲሆን፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ሲሆን፣ ቆሞ መሄዱ ለውኃውም ለሰውም የሚጠቅም ሲሆን ነው። ቆሮሶ (ቲላፒያ) እና አምባዛ በሞላበት የመስኖ ግድብ ላይ አጥምዶ መልቀቅ ጨዋታ ነው፤ እዚያ ይያዝ፣ ይጠበስ፣ ልጆች ይብሉ። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዲያስ የምትለቀው የትኛውን ነው?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ ነው ሰው ሁሉ መጠየቅ ያለበት። መልሱም እዚያው እግራችን ሥር አለ።

ቢልጫን ታውቁታላችሁ። ብርማና ወርቃማ ቅርፊት ያለው፣ ከአፉ ዳር አራት አጫጭር ጢም ያለው፣ ሲያዝ ክር የሚበጥስ ጉልበተኛ። በአዋሽ ተፋሰስ ወንዞች፣ ቦርከናንም ጨምሮ፣ የሚኖር የእኛው ዓሣ ነው። የቅርብ ዘመዶቹ በደቡብ አፍሪካ ቫልና ኦሬንጅ ወንዞች ላይ አሉ፤ እዚያ የላባ ዝንብ አጥማጆች ከውጭ ከመጣው ትራውት እኩል፣ አንዳንዴም አስበልጠው ያከብሯቸዋል፤ ይዘውም ይለቋቸዋል። በድንጋይ ሥር የሚሳበውን የውኃ ነፍሳት የሚመስል ትንሽ ጥቁር ዝንብ ከሥር ለሥር ሲያልፍ ቢልጫ ይይዘዋል። ትራውት የሚፈልገውን ማንኛውንም ዘዴ ይፈልጋል፤ የሚፈልገውን ቅዝቃዜ ግን አይፈልግም። ለዚህ አገር የተፈጠረ ነው።

ቢልጫ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ የሚራባውም ልክ እንደ ትራውቱ በሚፈስ ውኃ፣ በጠጠር ላይ፣ ዝናብ ሲገባ ነው። በዚህ ባሕርይው የደረሰበትን ለማወቅ ወደ ጣና መመልከት ይበቃል። ጣና ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ የቢልጫ ዘመዶች አሉ፤ ናጌልከርከና ሲቢንግ የተባሉ ሆላንዳውያን ለበርካቶቹ ስም የሰጧቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። እነዚህ ዓሦች በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ በመሳሰሉ ወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ። መረቡም የሚጠብቃቸው እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት 10 ዓመታት ጠቅላላ ክብደታቸው በ75 በመቶ ወረደ። ያን ያህል ሀብት የጠፋው በሚወልዱበት ሰሞን በሚወልዱበት በር ላይ ስለተያዙ ነው። ቦርከና ትንሽ ወንዝ ነው፤ ለዚያ ዓይነት አያያዝ 10 ዓመት አይቆይም።

ቦርከና ሌላም ጠላት አለበት፤ ይህን ስናገር ድምፄን ዝቅ አላደርግም። ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚወርደው የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ለዮሌና ወርቃ የተባሉትን ጅረቶች ይዞ ወደ እሱ ይገባል። ለዓመታት ሲጠና የቆየ ነገር ነው። ያ ውኃ ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል፤ በበጋ የእኛ፣ የአፋርና የአርጎባ ከብት ወደሚሰበሰብበት ወደ ጨፋ። ዓሣ አጥማጅ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። በየወሩ በአንድ ቦታ ውኃውን የሚለካ፣ ዓሣው ያነሰበትን ቀን የሚያስታውስ፣ የውኃው ቀለም ሲለወጥ የሚጮህ ሰው ከአጥማጅ የተሻለ የለም። ባሌ ውስጥ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ በዚያ የሚኖረው ሰው የጠበቀው ነገር ዋጋ አግኝቷል፤ እኛም የምንጠብቀው ነገር አለን።

የአካባቢውን ልጆች አንድ ነገር ሳላስጠነቅቅ ማለፍ አልችልም። ባሌ ላይ ውኃ የማያስገባ ሱሪ የሚለበሰው ለብርድ ነው። እኛ ጋ ግን ቀስ ብሎ የሚፈሰው ውኃና የመስኖ ቦዩ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ያሉበት ነው። ስለዚህ ባዶ እግር ገብቶ ማጥመድ አይገባም። ከዳር ሆኖ መጣል ይለመድ፤ ወይም ረጅም ቦቲ ይለበስ። ወንዝ የሚገባ ልጅ ጤና ጣቢያ ሄዶ ቢመረመር ነውር የለውም፤ መድኃኒቱ አለ። ከመሸ በኋላ ደግሞ ጨፋ ዳር መቆየት ለወባ ትንኝ ራስን መስጠት ነው።

ሥራው እንዴት ይጀመራል ለምትሉኝ፣ እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የዓሣ ባለሙያውን እጠይቃለሁ፤ ደሴ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲም ቅርብ ነው። ግድብ ካለ በውስጡ ያለውን ቆሮሶ ለምግብ፣ በማኅበር፣ በልክ። ወንዙን ግን ለቢልጫ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዘንግም መረብም አይገባበት፤ የሚራባበት ነው፤ ውኃውም ደፍርሶ ዝንብ አይታይበትም፤ ከእርሻው ጋርም ይጋጫል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውኃው ሲጠራ ጠዋት ጠዋት ይሞከራል። ቴርሞሜትር ከዘንግ በጣም ይረክሳል፤ እሱ ይቀድማል። መንጠቆው እሾህ አልባ ይሆናል። የሚያጠምደው ልጅም፣ የሚያስጎበኘውም፣ የሚለካውም ከዚያው መንደር ይሁን፤ የሚከፈለውም ለእሱ።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፍ እንግዳ ሁሉ በከሚሴ በኩል ነው የሚያልፈው። ዘንግ ይዞ ቢመጣባችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ውኃውን ለካህ ወይ፣ መንጠቆህን አሳየኝ፣ ፎቶውን ውኃው ውስጥ እንዳለ ታነሣዋለህ ወይ። ለሦስቱም መልስ ካለው ከቢልጫው ጋር አገናኙት። መልስ ከሌለው ደግሞ ጨፋ ዳር ወስዳችሁ ወፍ አሳዩት፤ በበጋ ሞልቶ ነው የሚገኘው፤ ክፍያውም ያው ነው።